ልጄ በቃላት ጨዋታ ታሸንፈኛለች፣ ስትጽፍ ግን ትሳሳታለች

ጥያቄ፦

«የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ትልቋ ሦስተኛ ክፍል ናት። ማንበቡን አትጠላም፤ ስትጽፍ ግን ‹ሙከራ› የሚለውን ‹መከራ›፣ ‹ብርሃን› የሚለውን ‹ብረሃን› እያደረገች ደብተሯ ቀይ በቀይ ሆኗል። የምትጠቀምባቸው ቃላትም ጥቂት ናቸው፤ ለእሷ ሁሉም ነገር ወይ ‹ጥሩ› ነው ወይ ‹መጥፎ› ነው። መምህሯ በቃላት ጨዋታ እንዳግዛት ስለመከሩኝ በፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የተደበቁ ቃላትን የሚያስፈልግ መጽሐፍ ገዛሁላት፤ ስልኬ ላይም ተመሳሳይ ጨዋታ ጫንኩላት። መጽሐፉን በሁለት ወር ጨረሰችው፤ በስልኩም እኔን ትቀድመኛለች። አጻጻፏ ግን ያው ነው። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ካልተጫወትኩ ብሎ ይገባና ሲሸነፍ ያለቅሳል። አያታቸው ጨዋታውን ትቼ ቃላቱን ሃያ ሃያ ጊዜ እንዳስጽፋት ይመክሩኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ልጅዎ በጨዋታው እየፈጠነች አጻጻፏ ባለበት መቆሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጨዋታው የጠየቃትን ነገር ልጅዎ ጥሩ አድርጋ ተምራዋለች፤ ችግሩ ጨዋታው ከጠየቃት ነገር ውስጥ መጻፍ አለመኖሩ ነው። በተደበቁ ቃላት ፍለጋ ላይ ቃሉ በትክክል ተጽፎ በገጹ ዳር ይቀመጣል። ልጅቱ «ብርሃን»ን ስትፈልግ ዓይኗ «ብ»ን ይይዝና በዙሪያው «ር» ይኖር እንደሆነ ይቃኛል፤ ካገኘች ወደ «ሃ» ትሻገራለች። ከ«ብ» ቀጥሎ የሚመጣው «ር» ነው ወይስ «ረ» የሚለውን ጥያቄ፣ ማለትም ደብተሯ ላይ የሚጥላትን ያንኑ ጥያቄ፣ ለአንድ አፍታ እንኳ አትጠየቅም፤ ገጹ አስቀድሞ መልሶላታልና። እኔ ራሴ አንዲት ሆሄ በማላነብበት ጽሕፈት የተዘጋጀ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ገጥሞኝ፣ ቅርጽ ከቅርጽ እያመሳሰልኩ ከግማሽ በላይ የሆኑትን ቃላት አግኝቻለሁ። መጽሐፉን ስዘጋው ግን ከቃላቱ አንዱንም መጻፍ ቀርቶ በምን እንደሚጀምር መናገር አልችልም ነበር።

የትምህርት ሥነ ልቡና ባለሙያዎች በተደጋጋሚ ሙከራ እንዳረጋገጡት፣ ተማሪ የተማረውን ነገር ሳያይ ለማስታወስ ሲታገል የሚይዘው፣ ያንኑ ነገር ደግሞ ሲያነብ ከሚይዘው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይለታል። ስለዚህ ማንኛውንም የቃላት ጨዋታ ከመግዛትዎ ወይም ስልክዎ ላይ ከመጫንዎ በፊት፣ ልጄ ቃሉን ከየት ታመጣዋለች ብለው ይጠይቁ። ከገጹ ወይም ከስክሪኑ ላይ የምታነሣው ከሆነ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ክፋት የለውም፣ ነገር ግን ለአጻጻፏ ብዙም አይጠብቁበት። ከራሷ ትውስታ አውጥታ በእጇ የምትጽፈው ከሆነ ግን የፈለጉት እሱን ነው።

የአያታቸው ምክር ግማሹ እውነት ነው። እጅ መሥራት አለበት በማለታቸው አልተሳሳቱም። ሃያ ጊዜ የሚያስጽፏትን ልጅ ግን አንድ ቀን ቀረብ ብለው ይመልከቷት፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መስመር ላይ ቃሉን መጻፍ ትታ በገጹ ርዝመት ከላይ እስከ ታች «ሙ፣ ሙ፣ ሙ» ስትል ያገኟታል፤ ከዚያ ተመልሳ «ከ»ን ትደረድራለች፣ በመጨረሻም «ራ»ን። ሥራው በፍጥነት ያልቃል፣ ሃያ «ሙከራ» ይሞላል፣ እሷ ግን «ሙከራ» የሚባል ቃል አንድ ጊዜም አልጻፈችም። አራት ጊዜ፣ በየመሐሉ ቃሉን እየሸፈኑ ቢያስጽፏት ይሻላት ነበር።

ወደ ጨዋታዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለይ፤ ደብዳቤዎ ሁለት ጉዳዮችን በአንድ መፍትሔ ሊያስሩ እንደፈለጉ ያሳያልና። የምታውቀውን ቃል አስተካክሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የማታውቀውን ቃል አውቆ መጠቀም ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው የዓይንና የእጅ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ወሬ፣ ንባብና ጆሮ ይጠይቃል። ሁለቱንም እኩል የሚያስተምር ጨዋታ እስካሁን አላየሁም፤ ስለዚህ ለየብቻ ይያዟቸው።

ከአጻጻፉ እንጀምር። የጠቀሷቸው ሁለት ስሕተቶች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ልጅዎ የፊደሉን ዘር አትስትም፣ የምትስተው ቅርጹን ነው። «መ» እና «ሙ»ን፣ «ረ» እና «ር»ን ታለዋውጣለች። ይህ አያስገርምም። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ካዕቡ ብዙውን ጊዜ በወገቡ በስተቀኝ ቅጥያ ይወጣለታል፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል፤ ሳድሱ ግን ወጥ መልክ የለውም፤ «ብ»፣ «ር»፣ «ት»፣ «ን» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይለወጣሉ። በዚያ ላይ ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ ይዞ፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለ ድምፅ ስለሚነበብ፣ «ብርሃን» ሲባል የሰማች ልጅ ከ«ብ» በኋላ ያለው ድምፅ የትኛው እንደሆነ በጆሮዋ ብቻ መለየት ይከብዳታል። ስለዚህ ለእሷ የሚያስፈልጋት ጨዋታ ዘሩ ሳይለወጥ ቅርጹ ብቻ ሲለወጥ ቃሉ ሌላ ቃል የሚሆንበት ጨዋታ ነው።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምመክርዎ የሚከተለውን ነው። ከወፍራም ወረቀት ሦስት ቁራጭ ይቁረጡና በአንዱ ላይ «መ»፣ በሁለተኛው «ከ»፣ በሦስተኛው «ረ» ብለው ይጻፉ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ካርዶቹን ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል፣ እያንዳንዱን ፊደል ከሰባቱ ቅርጾች ወደፈለጉት መለወጥ ይቻላል፣ ሦስቱም ግን አንድ አንድ ጊዜ መግባት አለባቸው፣ ሌላ ፊደል አይጨመርም። አምስት ደቂቃ ይስጧት፤ እርስዎም በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉ። መጀመሪያ «መከረ» እና «ምክር» ይመጡላታል። ትንሽ ቆይታ «መከራ» ትላለች፤ ከዚያ «መከር»። ካርዶቹን ስታገላብጥ «ከመረ»፣ «ክምር»፣ «ከረመ»፣ «ከርሞ» ብቅ ይላሉ። «ሞከረ» እና «ሙከራ»፣ «ማረከ» እና «ምርኮ» ዘግይተው የሚመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፊደል ከግዕዙ መራቁ ይሸፍናቸዋል። ከሦስት ካርድ 12 ቃል ወጣ ማለት ነው፤ እኔ ያላየኋቸውን ልጅዎ ብታገኝ አይገረሙ። በዚህ ወረቀት ላይ «መከራ» እና «ሙከራ» በልጅዎ በራሷ እጅ አንዱ ከሌላው ሥር ተጽፈው ይገኛሉ። አንድ ቃል ነጥብ የሚያገኘው በትክክል ሲጻፍና በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው የሚል ደንብ ቢጨምሩ፣ «ከብዙ ሙከራ በኋላ ተሳካለት» እና «ብዙ መከራ አየ» ስትል ልዩነቱን ማንም ሳያስረዳት ትናገረዋለች። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ስሕተት ይህን አያደርግላትም።

እነዚያ ሦስቱ ሲሰለቿት «ተ»ን ይጨምሩላት፤ «ክረምት»፣ «ተመከረ»፣ «ተሞከረ»፣ «ተማረከ»፣ «ተከመረ» ይወጣሉ። «ፈ፣ ረ፣ ሰ» ሌላ ጥሩ ስብስብ ነው፤ «ፈረስ» እና «ፈረሰ»፣ «ሰፈር» እና «ሰፈረ» በመጨረሻው ሆሄ ብቻ የሚለያዩ ስለሆኑ ግዕዙንና ሳድሱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጡላታል።

ሁለተኛው የቃል ድብብቆሽ ነው፤ ቃላቱ ከየትም ሳይሆን ከደብተሯ ይምጡ። በሳምንቱ ውስጥ የሳተቻቸውን አምስት ወይም ስድስት ቃላት በትክክል በካርድ ላይ ይጻፉላት። ካርዱን እስከ አምስት እየቆጠረች ታየዋለች፣ ገልብጣ ትደብቀዋለች፣ ከትውስታዋ ትጽፋለች፣ ከዚያ ገልጣ ራሷ ታመሳክራለች። አራሚዋ እርስዎ አይሁኑ። ከአራት ሆሄ ሦስቱን በትክክል ጽፋ አንዱን ስታ እንደሆነ ቃሉን በሙሉ አይሰርዙባት፤ የሳተችውን ሆሄ ብቻ ትክበበው፤ የጎደላት አንድ ነገር መሆኑን ታያለችና። በትክክል የጻፈችውን ካርድ ከነገ ወዲያ፣ ከዚያም በሳምንቱ እንደገና ያምጡት፤ ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀን ካለፈ ካርዱ የእሷ ይሆናል፣ ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ማለፉ አይቆጠርም፤ ለዚህ ደንብ ጥብቅ ይሁኑ።

ፊደል እየገመቱ ቃል የማግኘቱን ጨዋታ ታውቁት ይሆናል። እንደ ወረደ ለአማርኛ አይመችም፤ ከ26 የእንግሊዝኛ ፊደል መገመትና ከ231 ቅርጽ መገመት አንድ አይደለምና ልጆች ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ። ግምቱን በሁለት ደረጃ ቢከፍሉት ይስተካከላል፤ ገማቹ መጀመሪያ «የመ ዘር አለበት?» ብሎ ይጠይቃል፣ ካለ ቦታው ይነገረዋል፣ ከዚያ ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ ይገምታል። በተሳሳተ ቁጥር የሚሰቀል ሰው መሣል የግድ አይደለም፤ ቤት ግድግዳ በግድግዳ ቢሣል ይበቃል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ከገማቹ ይልቅ ቃሉን ያሰበው ሰው የበለጠ እንደሚማር ነው፤ በልቡ የያዘውን ቃል ቢስት ጨዋታው ሁሉ ይበላሽበታልና። ስለዚህ ልጅዎ አብዛኛውን ጊዜ አሳቢ ትሁን።

በአንድ እርምጃ አንድ ሆሄ ብቻ እየለወጡ ከአንድ ቃል ወደ ሌላ ቃል የመሄዱን ጨዋታ አንድ እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር በ1877 (እ.ኤ.አ.) «የምንሠራው አጣን» ብለው ላስቸገሩት ሁለት ልጃገረዶች ነበር የፈጠረው። ለአማርኛም ይስማማል። ከ«ቤት» ተነሥታ «ድር» ላይ እንድትደርስ ይጠይቋት፦ ቤት፣ ሴት፣ ሴራ፣ ተራ፣ ጋራ፣ ጋር፣ ዳር፣ ድር። ሰባት እርምጃ ነው፤ ከ«ጋራ» ወደ «ጋር» ያለው እርምጃ ቅርጽ ብቻ መለወጥ መሆኑን ልብ ይሏል። ባጠረ መንገድ ከደረሰች ያሸነፈችው እሷ ናት።

ምናልባት ቀጥሎ ስክራብልን፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ፊደል እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበትን ጨዋታ፣ ለመግዛት ያስቡ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ስክራብል 100 የፊደል ጠጠሮች አሉት፤ ጨዋታውን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርኪቴክት፣ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ መግባት እንዳለበት ለመወሰን የጋዜጣ ገጾችን ዘርግቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነበር። መግዛቱን ትተው ይህን ቆጠራ ከልጅዎ ጋር ቢያደርጉት ይሻላል። ከመማሪያ መጽሐፏ አንድ ገጽ ይምረጡና እያንዳንዱ ሆሄ ስንት ጊዜ እንደመጣ በጭረት ይመዝግቡ። «ን»፣ «ት» እና «ም» ደጋግመው ይመጣሉ፤ «ጰ» እና «ዠ» ግን አንድም ጊዜ ላይገኙ ይችላሉ። በቆጠራው ልክ ካርድ ሠርታችሁ ስትጫወቱ ጨዋታው የራሳችሁ ይሆናል። ቆጠራው ራሱ ግን ከጨዋታው አያንስም፤ «ረ»ን እና «ር»ን በተለያየ መስመር የምትመዘግብ ልጅ በአንድ ገጽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትለያቸዋለች።

ስለ ሞክሼ ፊደላት አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ደብተሯ ላይ ካሉት ቀይ መስመሮች አንዳንዶቹ ከዚያ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በግእዝ የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ግን ድምፃቸው ስለተዋሐደ ጆሮ ሊለያቸው አይችልም። ዐዋቂዎችም በእነዚህ ላይ ስለማይስማሙ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትስት ብዙ አይቆጡ፤ መጀመሪያ ቅርጹ ይስተካከልላት። ዝግጁ ስትሆን ደግሞ በቃል ከማስጠናት ይልቅ የቃል ዘመድ ማፈላለግን ያስተምሯት። «መጽሐፍ» ላይ የትኛው «ሐ» እንደሚገባ ግራ የተጋባች ልጅ «ጽሑፍ»ን፣ «ጸሐፊ»ን እና «ጽሕፈት»ን ጠርታ ብትደረድር አንዷ ሆሄ በሁሉም ቤት እንዳለች ታያለች፤ «ጻፈ» ላይ ስትደርስ ግን ሆሄዋ የለችም፣ የት ሄደች ብላ ትጠይቃለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። «ሠራ» ስትባል «ሥራ»፣ «ሠራተኛ»፣ «አሠራር» እያለች ዘመዶቹን ስትሰበስብ ደግሞ አጻጻፍ ብቻ ሳይሆን ቃልም ትጨምራለች። ልዩነቱ ትርጉም ሊለውጥ እንደሚችልም «ድኅነት» ከመዳን፣ «ድህነት» ከማጣት መሆኑን ማሳየት ይበቃል። በቀረው ግን መማሪያ መጽሐፏ የጻፈበትን መንገድ ይከተሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «የተሳሳተውን ፈልጊ» እየተባለ በስሕተት የተጻፉ ቃላት የሚቀርቡበት ጨዋታ በብዙ የሥራ መጽሐፍ ውስጥ አለ። አጻጻፉ ገና ላልጸናለት ልጅ አልመክረውም። የተሳሳተ አጻጻፍ ደጋግሞ ማየት የዐዋቂን አጻጻፍ እንኳ ያናጋል፤ ብዙ የተማሪ ወረቀት ያረመ መምህር አንዳንዴ በገዛ እጁ ጽሑፍ ላይ የሚጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቃላት ሀብቷ። «ጥሩ» እና «መጥፎ» ለሚያልቁባት ልጅ ከሁሉ ቀላሉ ጨዋታ ቃሉን መከልከል ነው። ለአንድ ምሽት «ጥሩ» የሚለው ቃል በቤቱ ውስጥ ይታገድ፤ የተናገረ ሰው፣ እናትም ብትሆን፣ አንድ ነጥብ ይጣልበት። ልጅዎ «ጥሩ ልጅ ናት» ለማለት ስትነሣ ትቆማለች፤ ታዛዥ ናት? ደግ ናት? ታታሪ ናት? ጨዋ ናት? አራቱም «ጥሩ» ናቸው፣ አራቱም ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ጥሩ ታሪክ ነው» ደግሞ ወይ አጓጊ፣ ወይ አስቂኝ፣ ወይ ልብ የሚነካ መሆን አለበት። እርስዎ ከእሷ ይልቅ ብዙ ነጥብ ሳይጣልብዎት አይቀርም፤ እኔ በሞከርኩበት ምሽት የመጨረሻው ተሸናፊ እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛው የድርጊት ጨዋታ ነው፤ ታናሽየውም የሚያሸንፍበት ይህ ነው። «ማየት» ስንት ዓይነት ነው? ተመለከተ፣ ቃኘ፣ አፈጠጠ፣ ገላመጠ፣ አጮለቀ። ቃላቱን በካርድ ይጻፉ፤ አንዱ ልጅ ካርዱን ስቦ በፊቱ ብቻ ያሳያል፣ ሌላው ቃሉን ይገምታል። የማያነብ ከሆነ በጆሮው ይንገሩት። የስድስት ዓመት ልጅ በር ጀርባ ቆሞ ሲያጮልቅ ያየች እኅት «አጮለቀ»ን ከመዝገበ ቃላት ፍቺ በተሻለ ትይዘዋለች። «መሄድ» ደግሞ ከዚያ ይሰፋል፤ አዘገመ፣ ገሰገሰ፣ ተንገዳገደ፣ ተጎማለለ፣ ዳኸ። መጀመሪያ ማንም የማያውቀውን ቃል እርስዎ ሠርተው ያሳዩዋቸው፤ እናት ስትጎማለል ማየት ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው።

የመጨረሻውን ፊደል እየተቀበሉ ቃል የመቀባበሉ ጨዋታ፣ ማለትም «መጽሐፍ» ሲባል «ፈረስ»፣ ከዚያ «ሰማይ» እያሉ መሄዱ፣ መንገድ ላይ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ግን የሚታወቁትን ቃላት ያዟዙራል እንጂ አዲስ አያመጣም። አዲስ ቃል የሚመጣው ከሚነበብ ታሪክ ነው። ማታ ሲያነቡላቸው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ ይምረጡ፤ «ማመንታት» አንዱ ይሁን እንበል። በዚያ ሳምንት ቃሉን በዕለት ንግግር ውስጥ ሳያሳውቁ ያስገቡት፤ «ዛሬ ጠዋት ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ብዬ አመነታሁ» ይበሉ። ቃሉን የያዘ ልጅ እጁን ያነሣል፣ ነጥብ ያገኛል፤ ራሱ በቦታው ከተጠቀመበት ደግሞ ነጥቡ እጥፍ ይሆናል። ቃሉ በጨዋታው ሰዓት ሳይሆን ከጨዋታው ውጭ የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው። ትልቋ ስትለምደው አንድ ጽሕፈት ሁለት ቃል የሚሆንባቸውን ይስጧት፤ «ሰፊ» ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ «ዋና» ሲጠብቅና ሲላላ ምን እንደሆነ ራሷ ትንገርዎ።

ስለ ልቅሶው። የዘጠኝ ዓመትና የስድስት ዓመት ልጅን በጽሕፈት ማፎካከር ፍትሐዊ አይደለም፤ ታናሽየው የሚያለቅሰውም ጨዋታው እንደማይመለከተው ስለገባው ነው። በጽሕፈት ጨዋታ ላይ ሁለቱ በአንድ ወገን፣ እርስዎ በሌላ ወገን ይሁኑ፤ ወይም ሁላችሁም ያለፈውን ሳምንት ነጥባችሁን ለማለፍ ተጫወቱ። ካርድ መገልበጥ፣ ጊዜ መቁጠርና ነጥብ መመዝገብ የእሱ ሥራ ይሁን። የእሷ ነጥብ ከእሱ ነጥብ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አይጻፍ። ጊዜው ደግሞ አጭር ይሁን፤ በቀን አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ይበቃል። ልጆቹ «አንድ ጊዜ ብቻ» ሲሉ ማቆም ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ነው ማቆም ያለብዎት። ጨዋታውን የቤት ሥራ ላልሠራ ልጅ እንደ ቅጣት፣ ለሠራ ደግሞ እንደ ሽልማት አያድርጉት።

ስልኩን ማጥፋት የለብዎትም። ከሚያስመርጥ ጨዋታ ይልቅ ፊደል በፊደል የሚያስጽፍ ይፈልጉ፤ የስልኩ መጻፊያ ቃሉን ገና ሳይጨረስ የሚጠቁም ከሆነ ግን ጥቆማውን ያጥፉት፤ ጥቆማው ቃሉን ከልጅቱ አፍ የሚነጥቅ ጓደኛ ነው። ከሦስት ወይም ከአራት ወር እንዲህ ያለ ሥራ በኋላም ልጅዎ ቀላል ቃላትን የምትስት፣ ያነበበችውን መስመር የምትዘል ወይም የሚመሳሰሉ ድምፆችን የማትለይ ከሆነ ዓይኗንና ጆሮዋን ያስመርምሩ፤ መምህሯንም ያማክሩ። ንባብንና ጽሕፈትን የሚያከብድ የተለየ ችግር ያለባቸው ልጆች ከስንፍና ጋር የማይገናኝ ምክንያት አላቸው፤ ጨዋታ ብቻውንም አይፈታውም።

ያንን የጨረሰችውን መጽሐፍ አይጣሉት። አንድ ገጽ ገልጣ እንድታየው ያድርጉና፣ ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ባዶ ሠንጠረዥ በማስመሪያ ታስምር፤ ስምንት በስምንት ይበቃል። ታናሽ ወንድሟ የሚፈልጋቸውን ስድስት ቃላት ከሣጥኗ ካርዶች ትምረጥ፣ ካርዶቹን ሳታይ በሠንጠረዡ ውስጥ ትደብቃቸው፣ ባዶውን በሌሎች ሆሄያት ትሙላው። «ብርሃን»ን በ«ረ» ከደበቀችው ወንድሟ አያገኘውም፣ ይጮህባታልም፤ ስለዚህ ሠንጠረዡን ከመስጠቷ በፊት ከካርዶቹ ጋር ታመሳክረው።